ከጎረምሳ ልጅዎ ጋር እንዴት ይጫወታሉ? ለክርስቲያን ወላጆች

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ከፀጉር ቤት ሲመለስ ግራና ቀኙን ተላጭቶ መሃሉ ብቻ ቆሞ ነበር። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ስብከቴን ጀመርኩ። ከፀጉሩ ወደ ጓደኞቹ፣ ከጓደኞቹ ወደ ቲክቶክ፣ ከቲክቶክ ወደ ሲኦል ወረድኩ። ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ስል ጆሮው ላይ ኤርፎን አየሁ። መቼ እንዳደረገው አላውቅም።

ዘዳግም 6፥7 ስለ እግዚአብሔር ቃል ሲናገር፣ ለልጆችህ አስተምረው ካለ በኋላ «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። ስንቴ አንብቤዋለሁ፤ «ተጫወተው»፣ ማለትም አውጋው፣ የምትለዋን ግን ዘልያት ኖሬያለሁ። ከዚህ በታች ያለው እዚሁ ሐዋሳ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር እየወደቅኩ እየተነሳሁ የሞከርኩት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቼ ፕሮቴስታንት ናቸው። ጎረምሳ ያለበት ቤት ጣጣው አንድ ነው።

1. አንድ ሳምንት ዝም ብለው ይጻፉ

ልጅዎ ላይ የሚያናድድዎትን ሁሉ ደብተር ላይ ያስፍሩ። ለልጁ ግን ምንም አይበሉት። ሳምንቱ ሲያልቅ ዝርዝሩን ሦስት ቦታ ይክፈሉት፦ ኃጢአት፣ አደጋ፣ ነውር። ውሸት፣ ስርቆትና ሰውን ማዋረድ ከኃጢአቱ ይገባሉ። ሺሻ፣ ቤቲንግ፣ በማያውቁት ሰው ሞተር መሳፈር አደጋው ውስጥ። ፀጉር፣ የተቀደደ ጂንስ፣ ከፍ ያለ ሙዚቃ፣ እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት መደበቅ? እነዚህ በአብዛኛው ነውር ናቸው፤ ማለትም «ሰው ምን ይለኛል» ነው። የእኔ ዝርዝር አሥራ ዘጠኝ ነገር ነበረው፤ አሥራ ሁለቱ ነውር ሆኖ ተገኘ። ለእነዚያ አሥራ ሁለቱ ስል ነው ለዓመት ያህል ቤቴን ፍርድ ቤት ያደረግኩት።

ስለ ፀጉር ከተነሳ አቤሴሎም ትዝ ይለኛል። ስለ ፀጉሩ ክብደት መጽሐፍ ቅዱስ ሳይቀር ጽፏል። ቤቱን ያፈረሰው ግን ፀጉሩ አይደለም። ከስደት ከተመለሰ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ኢየሩሳሌም ተቀምጦ የአባቱን የዳዊትን ፊት አላየም (2ኛ ሳሙኤል 14፥28)። አንድ ከተማ ሆነው ማለት ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ፊት ለፊት ሳንተያይ የምንከርም ስንቶች ነን?

2. ከቤት ይውጡ

ሳሎን ውስጥ «ና ተቀመጥ፣ የምነግርህ አለ» ካሉት ጨዋታው ሳይጀመር አልቋል። ጎረምሳ ዓይን ለዓይን ሲያዩት ይዘጋል፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይከፈታል። ለዚህ ሐዋሳ የታደለች ከተማ ናት። እሁድ ከገብርኤል ቅዳሴ ወጥተው ወደ ሐይቁ በእግር ይውረዱ፣ ወይም አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይዘዋወሩ። ማለዳ መነሳት የሚወድ ልጅ ካለዎት የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ይውሰዱት፤ ጀልባው ዓሣ ይዞ ሲመጣ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ ሲጠብቁ ማየት ብቻውን ወሬ ይፈጥራል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚያ አይጀምሩት፤ እኔ ጀምሬ ጠዋቱ በዚያው አለቀ።) ጉልበት ካለዎት ታቦር ተራራ አለ። ዳገቱ ላይ እናት ስታለከልክ ልጅ ይጠብቃታል፤ ለአንድ ሰዓት መሪው እሱ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ስለ ትምህርት፣ ስለ ስልክና ስለ ቤተ ክርስቲያን ምንም አያንሱ። ዝምታው ይከብዳል። ይቻሉት።

3. እንዲያሳይዎት ይጠይቁት

አንድ ቀን ራሱ ስልኩን አውጥቶ ይስቃል። ያኔ «ምንድነው እሱ ደግሞ?» አይበሉ። «እስቲ አሳየኝ» ይበሉ። እኛ እንዲህ ተባባልን፦

«እማዬ፣ አይገባሽም።»
«አስረዳኛ።»
«ይሄ ልጅ ቀልደኛ ነው፣ ሰፈሩን ነው የሚያወራው።»
«እናቱ እንዲህ ትናገራለች እንዴ?»
«ሁሉም እናት እንዲህ ትናገራለች። አንቺም።»

ሳቅኩ፤ እውነቱን ነው። ከዚያ በኋላ የማልወደው ቪዲዮ መጣ። ፊቴን አላጨማደድኩም፤ «አንተ ይሄን ስታይ ምን ይሰማሃል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩት። መልሱ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ሰሃን እያጠብን ነው።

ሉቃስ 2 ላይ እመቤታችን አሥራ ሁለት ዓመት የሆነውን ልጇን ሦስት ቀን ከፈለገች በኋላ ስታገኘው ቀድማ የተናገረችው ጥያቄ ነበር። መልሱ አልገባቸውም ይላል ወንጌሉ። እሷ ግን ይህን ሁሉ በልብዋ ትጠብቀው ነበር።

4. የስልክ ውል ይዋዋሉ

ስልክ ቀምቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አውቃለሁ። ትልቋ ልጄ በሁለተኛው ቀን በጓደኛዋ ስልክ ሌላ አካውንት ከፈተች። አሁን እንዲህ እናደርጋለን።

መጀመሪያ በአካውንቱ ላይ ያለውን የልደት ቀን አብራችሁ እዩ። ይህ የእኛ አገር ጉድ ነው። በ2003 ዓ.ም የተወለደ ልጅ በፈረንጆች የተወለደው 2010 ወይም 2011 ነው። «2003» ብሎ ከሞላ ቲክቶክ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ እንደ አዋቂም ይቆጥረዋል። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም፤ ከ16 በታች የግል መልእክት ይዘጋል፤ ላይቭ መግባት የሚቻለው ከ18 ጀምሮ ነው፤ ከ18 በታች ላሉትም በቀን 60 ደቂቃ ላይ ማስታወሻ ያወጣል። ልደቱ የተሳሳተ ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱም አይሠራም። «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚባለው ደግሞ የእርስዎን አካውንት ከልጅዎ ጋር ያገናኛል። ሳይነግሩት አያድርጉት።

ሁለተኛ፣ ማታ ስልክ ሁሉ ሳሎን ይሰካ። ሁሉ ማለት የእናትም የአባትም። ባለቤቴ «ለሥራ ይደውሉልኛል» ብሎ ለሁለት ሳምንት ተከራከረ፤ ልጆቹም ለሁለት ሳምንት ውሉን አፈረሱ። የእሱ ስልክ ሳሎን ያደረ ዕለት ክርክሩ ቆመ።

ኤፌሶን 6፥4 «አታስቆጡአቸው» የሚለው ለአባቶች ነው። ልጆች የሚጠቅሱት «ለወላጆቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን ቁጥር አንድን ሳይሆን ይህን ነው፤ ይዘጋጁ።

5. ጸሎትን ቅጣት አያድርጉት

«ሂድና መዝሙረ ዳዊት ድገም» ብለው አጥፍቶ የተገኘን ልጅ አይላኩ። ዳዊትን ከእስር ቤት ጋር ያያይዘዋል። የማታ ጸሎት አጭር ይሁን፤ በተራ ይመራ፤ ልጁም የራሱን ጉዳይ ያንሳ። የእኔ ልጅ አንዴ ለአርሴናል ጸለየ። አሜን አልን።

ከእርስዎ ሌላ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል፦ የክርስትና አባቱ፣ የንስሐ አባት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ወይም የወጣቶች ኅብረት መሪ። ግን ልጁ ሳይሄድ የልጁን ምሥጢር ቀድመው አያደርሱ።

6. ጨዋታ የማይበቃበት ጊዜ

ወንድም ሆነ ሴት ልጅዎን በፎቶ የሚያስፈራራ ሰው ካለ ገንዘብ አይላኩ፣ መልእክቱን አያጥፉ፣ ስክሪንሹት ይያዙና ፖሊስ ጋ ይሂዱ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ወንጀል ነው። በዚያ ሰዓት «ማን ላኪ አለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ይዋጡት።

የቤቲንግ ዕዳም ከመጣ አንዴ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ቁጥሩን በወረቀት አስሉት፤ ከፍለውለት ዝም ካሉ ግን ይደገማል።

ክረምት ሲገባ የሐይቁ ጉዞ በዝናብ ይሰናከላል። እኛ ያኔ በረንዳ ላይ ከሰል አያይዘን በቆሎ እንጠብሳለን። ማራገቢያው ለልጁ ይሰጥ፤ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። ስልኮቹ እዚያው ሳሎን ይሁኑ።