ነርሲንግ ለመማር የሚያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ የምዝገባ ሰሞን ከኮፒ ቤቶቹ ይታወቃል። ፒያሳም ሆነ ማራኪ፣ ካርድና ትራንስክሪፕት የያዘ ልጅ ተሰልፎ ይውላል። ውጤት ያልመጣለት ያው ውጤት አልመጣለትም። የሚያንገበግበው ግን ውጤቱ በቅቶ ሳለ በወረቀት ወይም በጥድፊያ የሚቀረው ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቂት አይደለም።

መጀመሪያ የማየው ስህተት መግቢያዎቹን ማምታታት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ ለመማር ሰነድ ይዞ በር ላይ መሄድ አያስፈልግም፤ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ምደባው ደርሶም ነርሲንግ ገባችሁ ማለት አይደለም። ፍሬሽማን (የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት) ትማራላችሁ፣ ከዚያ በውጤትና በምርጫ ዲፓርትመንት ይደርሳችኋል። “ጎንደር ደርሶኛል፣ ነርስ ልሆን ነው” ብሎ የጎረቤት ምርቃት የተቀበለ ሁሉ የፍሬሽማን ውጤቱን ሲያይ ይደነግጣል። ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሌላ መንገድ ነው። የክልሉ ኮሌጅ ስለሆነ የራሱ ማስታወቂያና ምዝገባ አለው፤ ሥልጠናው በደረጃ (ሌቭል) ነው፣ መጨረሻው ላይም ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ፈተና አለ። የግል ኮሌጅ ደግሞ በክፍያ ነው። አንዱን ሲጠብቁ የሌላው ምዝገባ ያመለጣቸው ልጆች አሉ፤ የሦስቱንም ቀን ለየብቻ ጻፉት።

ትልቁ ጣጣ ስም ነው። የስምንተኛ ክፍል ካርድ ላይ “ገ/መድኅን”፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ “ገብረመድህን”፣ ፋይዳ መታወቂያ ላይ ደግሞ የአያት ስም በሌላ ፊደል። በአማርኛው ማንም አይቸገርም፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን አንዷ ትዕግሥት ሦስት ሰው ትሆናለች። መዝጋቢው ፊት ቆሞ “ያው እኔ ነኝ” ማለት አይሠራም። የትውልድ ዘመንም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ የሚል ፎርም ላይ ሳያስተውል 1999 ብሎ ከጻፈ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ቁጭ ይላል። ሰነዶቻችሁን ዛሬውኑ አልጋ ላይ ደርድሩና ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ስህተቱ የትምህርት ቤት ካርድ ላይ ከሆነ ትምህርት ቤታችሁ መፍትሔ ሊሰጣችሁ ይችላል። የብሔራዊ ፈተናው ሰርተፍኬት ላይ ከሆነ ግን ጉዳዩ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ጋ ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ በምዝገባ ሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ፎርም ላይ የምትሞሉትን ስልክ ቁጥርም አደራ። የወንድም ሲም፣ የጓደኛ ሲም እየሞሉ በኋላ የሚደወልላቸው ስልክ ዝግ ይሆናል።

ነርሲንግን “ሜዲሲን ካልመጣ” ብሎ መሙላት ሌላው ነው። አልፈርድም፤ ቤተሰብም ይገፋል። ግን ሚድዋይፈሪ (አዋላጅነት) ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት መሆኑን ሳያውቁ፣ የነርስ ሥራ የሌሊት ተረኛነት እንዳለው ሳይጠይቁ ቅደም ተከተል መሙላት ዋጋ ያስከፍላል። ጎንደር ላይ ደግሞ ጠያቂ እንጂ መላሽ አይጠፋም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የተነሣው በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተው የጤና ኮሌጅ ነው፤ ኮሌጁም የማኅበረሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከሳኒቴሪያኖች (የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች) ጋር ያሠለጥን ነበር። በየሰፈሩ ጡረታ የወጡ ነርሶች አሉ። አንዷን እትዬ ብላችሁ አንድ ቡና ብትቀመጡ ከማንኛውም ቻናል የተሻለ ትሰማላችሁ።

ከዚያ ምደባና ጥሪ የመጠበቁ ጊዜ ይመጣል፤ ደላላም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ “ቦታ አለ፣ ቶሎ ካላስያዝሽ ይሞላል” ይላል። የሚሰጠው የሒሳብ ቁጥር የግለሰብ ነው፣ ደረሰኝ የለም፣ ስሙ የኮሌጅ ይመስላል። ክፍያ የሚፈጸመው በተቋሙ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ነው፤ የምደባ ቦታ አስገባለሁ የሚል ሰው ደግሞ የሚሸጠው የሌለውን ነው።

ሕጋዊ የግል ኮሌጅ ውስጥም ቢሆን መቸኮል አለ። ምደባው ሳይወጣ የመመዝገቢያ ከፍሎ፣ በማግስቱ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ገንዘቡን የሚጠይቅ ወላጅ ብዙ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ተመላሽ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። የዲግሪ ፕሮግራም ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና መኖሩን አጣሩ፤ ዕውቅናው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለዚያው ፕሮግራም፣ ለዚያውም ጎንደር ላለው ካምፓስ መሆን አለበት። ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ዕውቅና ቢኖረው እናንተን አይጠቅምም። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥትም የግልም የዲግሪ ተማሪ ይፈተናል፤ ዕውቅና በሌለው ፕሮግራም አራት ዓመት ተምሮ እዚያ በር ላይ መቆም ነው ትርፉ።

ከደምቢያ፣ ከጭልጋ ወይም ከደባርቅ የምትመጡ አንድ ነገር ጨምሩበት። መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ። ጥሪው የሚለጠፍበትን ቦርድ ሄዶ የሚያይላችሁ ዘመድ ከተማው ውስጥ ይኑር፤ የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን ሳይሆን የመጀመሪያውን አስቡ። ዋናው ሰነድ ከእናንተ አይለይ፣ ኮፒው ዘመድ ጋ ይቀመጥ።

ጥሪ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ስህተት ነው። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና እንግሊዝኛ መከለሱን ሁሉም ይናገራል፤ የሚረሳው የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ነው። ነርስ ከደምና ከመርፌ ጋር የሚሠራ ነው፣ ተማሪም ሆኖ ዋርድ (ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) ይገባል። የተለመደው ክትባት ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ በስድስተኛው ወር። ጥሪ እየጠበቃችሁ ከጀመራችሁ ዋርድ ሳትገቡ ይጠናቀቃል። ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ጠይቁ፣ ክፍያውንም አስቀድማችሁ እወቁ፤ የክትባት ካርዱንም ከትራንስክሪፕቱ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡት።