የውጭውን ጫና በፍቅረኛችሁ አታሳብቡ

ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች እንደማንኛውም ሰው በገንዘብ ይጣላሉ፣ ይቀናናሉ፣ ይኮራረፋሉ። በዚህ ላይ ግን ሌላ ሸክም አለባቸው። ተመራማሪው ኢላን ሜየር በ2003 እ.ኤ.አ. በሰፊው የተነተነው የአናሳነት ጫና ነው፦ መድልዎ፣ «ያገሉኛል» ብሎ መስጋት፣ ራስን መደበቅ፣ የሰውን ጥላቻ አምኖ ራስን መጥላት። ይሄ ደግሞ በር ላይ አይቀርም፣ ቤት ይገባል።

ትልቁ ስህተት ጫናውንና ሰውየውን መቀላቀል ነው። አንዱ ሥራ ቦታ ሲሽሟጠጥበት ውሎ ይመጣል፣ ምንም አይናገርም፣ ማታ በረባ ባልረባው ይቆጣል፣ ሌላው «በቃ ጠልቶኛል» ብሎ ይደመድማል፣ ባልታጠበ ሳህን የተጀመረው ጭቅጭቅ ስለ መለያየት ይሆናል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ «ምን ገጥሞህ ዋለ?» በሉ።

ሌላው ምስጢርን የፍቅር መለኪያ ማድረግ ነው። አንዷ ለቤተሰቧ ነግራለች፣ ሌላዋ አልነገረችም። «ብትወጂኝ ትነግሪያቸው ነበር» ማለት ይቀላል። ለእሷ ግን ከቤት መባረር፣ ሥራ ማጣት፣ በአንዳንድ አገር መታሰርም ሊሆን ይችላል። መቼ እንደምትናገር የምትወስነው ራሷ ናት። በሌላ በኩል፣ ዓመት ሙሉ «አብሮ አደጌ ናት» እየተባሉ መተዋወቅ ያማል፣ ማመሙን መናገርም ጥፋት አይደለም። ማን እንደሚያውቅ፣ ማን ፊት ምን እንደምትሉ ቀድማችሁ ተስማሙ። እዚያው ሰው ፊት ድንገት መካካድ ነው ልብ የሚሰብረው።

ውስጥ የተቀበረውን ኀፍረት በዝምታ ማለፍም አለ። ፍሮስትና ሜየር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በማንነቱ የሚያፍር ሰው ግንኙነቱ ውስጥ ችግር ይበዛበታል፣ ኀፍረቱ ግንኙነቱን የሚጎዳውም በዋናነት በድብርት በኩል ነው። ስለዚህ ድብርቱን አሳክሙት። «ማንነትህን እቀይረዋለሁ» ከሚል ግን ራቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግብረ ሰዶማዊነትን ከበሽታዎች ዝርዝር ካወጣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው!

ሁለታችሁ ብቻ ተዘግታችሁ አትኑሩ። አንድ የምታምኑት ወዳጅ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

«የእኛ ዓይነት ፍቅር አይዘልቅም» የሚለውንም አትመኑ። ተመራማሪዎቹ ጎትማንና ሌቨንሰን ለ12 ዓመት ጥንዶችን ተከታትለው ነበር፦ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ሲጨቃጨቁ ከወንድና ሴት ጥንዶች ይልቅ ቀልድና ፍቅር ጣል ያደርጋሉ፣ መጫንና መደነፋት ያንሳቸዋል።