መዶሻውን ያስቀምጡት፦ የሞተር ጎሚኒ ቤት ውስጥ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ያንን ቁልቁለት በማርሽ ይዞ ለሚወርድ መኪና ጉተታውን የሚችለው ጎሚኒው፣ ማለትም ሞተሩን የያዘው የጎማና የብረት ማቀፊያ ነው። ሲያረጅ መኪናው ቆሞም ይንቀጠቀጣል፤ ማርሽ ሲገባ ጓ ይላል።

ጎሚኒው ከነመያዣው የሚሸጥ ዓይነት ከሆነ ሥራው ፈትቶ ማሰር ነው። ችግሩ ለብቻው ተሸጦ መያዣው ውስጥ ተገፍቶ የሚገባው ላይ ነው። እሱም ቢሆን ያለ ፕሬስ (መጭመቂያ ማሽን) ይገባል። ቤት ውስጥ የሚበላሸው አብዛኛው ጎሚኒ የሚበላሸው መዶሻ ቅርብ ስለሆነ ነው።

ሞተሩን ሳያስደግፉ መፍታት። ክሪኩን በቀጥታ ከዘይት መያዣው ሥር አይግጠሙ፤ ቆርቆሮው ይጎደጉዳል። ሰፊ ጣውላ መሃል ያስገቡና ክብደቱን እስኪሸከም ብቻ ቀስ አድርገው ያንሱ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ግን ጨርሶ አይሞከርም። ሁሉንም ጎሚኒ ባንዴ አይፍቱ፤ አንዱን አስረው ወደ ሌላው ይሂዱ።

ምልክት ሳያደርጉ ማውጣት። ብዙ ጎሚኒ ጎማው ላይ ክፍተት አለው። ክፍተቱ በየት በኩል እንደዞረ ካልታወቀ አዲሱ ተጣሞ ይገባል። በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ መያዣው ላይም በቀለም ይጫሩ።

አሮጌውን በእሳት ማቃጠል። ጭሱ መርዝ ነው። መያዣው አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ጥንካሬውን ይቀንሳል። ጎማውን በትራፓኖ በስተው ያውጡት። የቀረውን የብረት ቀለበት በሴጌቶ በጥንቃቄ ሰንጥቀው ወደ ውስጥ ያጥፉት። መጋዙ መያዣውን እንዳይነካ!

አዲሱን በመዶሻ መምታት። ምቱ ቀለበቱን ያጣምማል፤ መሃሉ ላይ ካረፈ ደግሞ ጎማውን ከብረቱ ያላቅቀዋል። የሚያስፈልግዎ ረጅም ቡሎን፣ ዳዶ፣ ወፍራም ሮንዴላዎችና ሁለት ቁራጭ ቱቦ ነው። ቱቦው ከቁራሌው አይጠፋም። ቡሎኑ ግን ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ምልክት የተጻፈበት ይሁን፤ ለስላሳው ይሳባል፣ ሊበጠስም ይችላል። አንደኛው ቱቦ የጎሚኒውን የውጭ ብረት ብቻ ይገፋል። ሁለተኛው ሰፋ ያለ ሆኖ ከማዶ መያዣውን ይደግፋል። የቡሎኑን ጥርስ ግራሶ ቀብተው በቱቦዎቹና በጎሚኒው መሃል ያሳልፉትና ዳዶውን በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። ዘመም ካለ ወዲያው ያቁሙ፣ ይፍቱት፣ አስተካክለው እንደገና ይጀምሩ። እልህ እዚህ ላይ አያዋጣም።

ጎሚኒውን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ይረዳል። 50 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው የብረት ቀለበት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የሚጠበው 0.024 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም ያቺም ታግዛለች። የደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ ለዚህ አይበቃም። ካወጡት በኋላ ቶሎ ይሥሩ፣ ወዲያው ይሞቃል።

የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት። ተራ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ግራሶው ለቡሎኑ ጥርስ ብቻ ነው። ለጎሚኒው የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። የመያዣውን ዝገት ለስለስ ባለ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፤ ብረቱን ግን አይሞርዱ፣ ከሰፋ አዲሱ አይጨብጥም።

ሞተሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ማጥበቅ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ጎማው ተጠምዝዞ ይታሰርና ሳይቆይ ይቀደዳል። ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ ያስገቡ። ክሪኩን ዝቅ አድርገው ሞተሩ በራሱ ክብደት ይረፍ። የመጨረሻው ማጥበቅ ከዚያ በኋላ ነው፤ ልኩም በመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈው ይሁን።

አሮጌው ጎሚኒ በዘይት ርሶ ከወጣ ደግሞ አዲሱን ከማሰርዎ በፊት ዘይቱ ከየት እንደሚንጠባጠብ ይፈልጉ። ከሞተሩ አናት ያለውን የቫልቭ ክዳን ጋርኒሽን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን) መጀመሪያ ይዩት።