የልጅነት ሠፈርን ትዝታ እንዴት መጻፍ ይቻላል፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

ያደገበትን ሠፈር ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ «ያኔ ፍቅር ብቻ ነበር» ብሎ ይጀምርና ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ወሬ ያልቅበታል። ስለዚህ ከስሜት ይልቅ ከቦታው ይነሡ። በደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢም ይደጉ በኮምቦልቻ፣ በመጀመሪያ ከቤትዎ ደጃፍ እስከ ቦኖው ያለውን መንገድ በወረቀት ላይ ይሣሉና በየደጁ ማን ይኖር እንደነበርና በምን ይተዳደር እንደነበር ይመዝግቡ፤ ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጠላ ሻጯ፣ ተሸካሚው፣ የአሰብ መስመር ሾፌሩ አንድ በአንድ ይስፈሩ።

የቤት ኪራይ ጉዳይ ሲነሣ ጊዜውን ይለዩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶችን የመንግሥት ስላደረገ፣ ለአከራዩ ይከፈል የነበረው የደሃ ቤት ኪራይ ከዚያ በኋላ ለቀበሌ ይከፈል ጀመር። በእናትዎ ሣጥን ውስጥ የቆየ የቀበሌ ደረሰኝ ቢገኝ ስምና ቀን ስለሚይዝ ከማናችንም ትዝታ ይበልጣል።

አስቸጋሪው ነገር ዓመተ ምሕረት ነው። ልጅ ዓመት አይቆጥርም፤ ትልልቆቹም ቢሆኑ «ከ66ቱ ድርቅ በፊት»፣ «በ77»፣ «ኢሕአዴግ ሲገባ» ብለው ነው የሚያስታውሱት። ወሎ ውስጥ ግን የሙስሊሙና የክርስቲያኑ በዓላት በአንድ ግቢ ስለሚከበሩ ሌላ ጥሩ መለኪያ አለ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ ወቅቱን ለመዞር 33 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ቡሄ ግን ሁልጊዜ ነሐሴ 13 ቀን ነው። እንግዲህ «ሆያ ሆዬ» እየጨፈሩ የጎረቤትን በር ሲያንኳኩ ቤተሰቡ የረመዳን ጾም ላይ እንደነበረ ትዝ የሚልዎ ከሆነ፣ የደርግን ዘመን በተመለከተ ያ ዓመት ከ1969 እስከ 1971 ዓ.ም. ካሉት አንዱ መሆን አለበት። በዚያው ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሠፈሩ ተጀምሮ እንደሆነም ወደ 1971 ይጠጋል። እንዲህ ያለ ስሌት ለእኔ ከማንኛውም ያማረ ገለጻ ይልቅ ደስ ይለኛል።

አረጋውያንን ለመጠየቅ የቡና ሰዓት ይመረጣል፤ አቦሉ ላይ ግን አይቸኩሉ። «ሕይወት እንዴት ነበር?» የሚል ጥያቄ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ከሚል መልስ አያልፍም። ይልቁንም «እማማ፣ ያኔ ውኃ ከየት ነበር የሚቀዱት? ወረፋው ላይ ማን ያስቸግር ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ በረካው ሳይደርስ ጠቡም ዕርቁም ይወጣል። ድምፅ የሚቀዱ ከሆነ አስቀድመው ያስፈቅዱ።

ዱቤውን፣ የጋራ መጸዳጃውን ጭቅጭቅ፣ ልጅ ሳለን ያላየነውን ረኃብ አይዝለሉት። የሰው ገመና የሚነካ ከሆነ ስም መቀየር ይበቃል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለሠፈሩ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡ። አንዱ ሽማግሌ «እንዲያ አልነበረም» ካሉ የእርስዎን ሳይሰርዙ የእሳቸውን ቃል ከጎኑ ያስፍሩ።