ተፈጥሮን የሚያከብር ሕዝብ ለልቦለድ እንዴት ይፈጠራል? ከወሎ ምድር መነሻነት

ተፈጥሮ አክባሪ ጎሳ ለልቦለዱ መፍጠር የፈለገ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአምልኮው ነው። መጀመር ያለበት ከዝናቡ ነው። የወሎ ደጋ ለዚህ ይመቻል፤ ገበሬው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግን፣ ከሰኔ ጀምሮ ክረምትን ይጠብቃል። በልጉ ግን ይዘገያል፣ ይቀራል፣ አንዳንዴም ገብሱ ሳያፈራ ይቋረጣል። ደኑ ሁልጊዜ ለምለም፣ ምንጩ ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ ሕዝብዎ ስለት የሚሳልበት ምክንያት የለውም።

ቀጥሎ ከፍታውን ይወስኑ። እስከ 2,300 ሜትር ባለው ወይና ደጋ ሸንጎው ዋርካ ሥር ቢቀመጥ ያምርበታል። ከዚያ በላይ ጽድና ኮሶ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ደግሞ ጅባራና ጓሳ ነው። ውርጭ ላይ ዋርካ የተከለ ጸሐፊን አገሩን የሚያውቅ አንባቢ አያምነውም።

አሁን “ጠሎሬ” የሚባል ሕዝብ እንፍጠር፤ 2,400 ሜትር ላይ ከብት ያረባል፣ ገብስ ይዘራል፣ ወይራን ያከብራል። “ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው” ብለው አይለፉ፤ ክልከላው የሚጎዳው ሰው ይኑር። የወተት ቅል የሚታጠነው በወይራ ነው፦ የደረቀ ፍልጥ ይነድና ፍሙ ቅሉ ውስጥ ይገባል፣ ተከድኖ ይወዘወዛል፣ ጭሱን ሲጠግብ ፍሙ ተደፍቶ ውስጡ ይወለወላል። ቅሉ ሳይታጠን ከቀረ ወተቱ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ የጠሎሬ ሴት ያለ ወይራ አትኖርም። ሕጉን እንዲህ ዘርዝሩት፦ ቆሞ የደረቀ ቅርንጫፍ ብቻ ይሰበራል፤ ከአውራ ጣት መወፈር የለበትም፤ በልግ እስኪጥል ማንም አይነካም፤ አራስ ያለችበት ቤት ግን ይፈቀድለታል። እንግዲህ በልጉ ይቅር። ክልከላው ይራዘማል፣ የቤቱ ፍልጥ ያልቃል፣ በሌሊት አንድ ቅርንጫፍ ቀጭ ሲል ጎረቤት ይሰማል።

የተዘጋ ነገር መከፈቻም ያስፈልገዋል። ከወሎ በስተደቡብ ያለው የመንዝ ጓሳ፣ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት መጠበቂያ ባህላዊ ሥርዓት ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ሲከፈት ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨድ ነበር። ለጠሎሬዎቻችንም ትልቁ በዓል የመክፈቻው ቀን ቢሆን እንመርጣለን።

ማን ይዳኝ? አበጋር የሚባሉትን የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ይመልከቱ። ደም የተቃባን የሚያስታርቁት በጠመንጃ አይደለም፤ ምርቃታቸው ስለሚፈለግ፣ እርግማናቸው ስለሚፈራ ነው። ቅጣቱም ከጥፋቱ ይውጣ፦ ቅርንጫፉን የሰበረችው ሴት የወይራ ችግኝ ታሳድግ። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነውና ቅጣቱ ዓመታት ይፈጃል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ ወዳጃን፣ ማለትም የወሎን የጋራ ጸሎት ሥርዓት፣ ስሙን ብቻ ለውጣችሁ አትገልብጡ። ቡናው፣ ዱዓውና መንዙማው ዛሬም ሰው የሚጸልይበት ነው። የራሳችሁን ሥርዓት ፍጠሩ፤ ከወዳጃ መማር የሚቻለው ችግር ያለበት ሰው ብቻውን አለመቅረቱን ነው።

ሽማግሌው ለእንግዳ ባህሉን ቁጭ ብሎ አያስተምር። አያት የልጅ ልጇን “ተይ! ሥሩ ላይ ውሃ ሳታፈሺ ነው እንዴ የምትሰብሪው?” ብላ ስትቆጣ ሥርዓቱ ይታወቃል። ደግሞም ሁሉም እኩል የሚያምንበት ሕዝብ የለም። አንዱ ሳያምን ልማዱን የሚፈጽም፣ ሌላው ከሁሉም አብልጦ የሚያጠብቅ ይሁን፤ ሁለቱም አንድ ቤት ቢያድሩ ይመረጣል።