ማረሻውን ከሰቀላችሁ አገዳውን አታንሱ

መሬቱን ሳላርስ በቆሎ መዝራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ክረምት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለመታረሱ ብቻ የተበላሸ ማሳ አላየሁም። የሚበላሸው ማረሱ ቀርቶ ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ሲቀጥል ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ላስቀድም፤ አገዳውን ከማሳ ማንሳት። ማረስ የምንተወው እኮ አፈሩ ተሸፍኖ እንዲከርም ነው። አገዳው ለከብት፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ካለቀ በኋላ ራቁቱን የቀረውን መሬት ሳያርሱ መዝራት ምን ይሉታል? የግንቦት ዝናብ ሲመጣ ጠብታው አፈሩን በቀጥታ ይደበድበዋል። የላመው አፈር ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ምጣድ ይደርቃል። ቀጥሎ የሚጥለው ዝናብ መግቢያ ስለሌለው አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ይገባል። የታረሰ ማሳ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ ይጠጣ ነበር። ስለዚህ አገዳ የሌለው ያልታረሰ ማሳ ከታረሰው ይብሳል። ይህን በየስብሰባው ተናግሬያለሁ። ሁሉም «ልክ ነው» ይላል። ታኅሣሥ ሲደርስ ከብቱ ማሳው ላይ ነው።

አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አንድ ዓመት አገዳቸውን በሙሉ ማሳው ላይ አስተኙት። ደስ የሚል ሥራ ነበር። ከዚያ ለቅሶ ሄደው ሁለት ቀን አደሩ። ሲመለሱ የመንደሩ ከብት ጠርጎ በልቶታል፤ የቀረው እበትና ኮቴ ነው። «ማንን ልክሰስ ልጄ? ግማሹ ከብት የወንድሜ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ማሳ የሁሉም ግጦሽ በሆነበት አገር አንድ ሰው ብቻውን አገዳ ማዳን አይችልም። ከአዋሳኞቻችሁ ጋር መስማማት ያለባችሁ ከአጨዳ በፊት ነው። በኮንሶ እርከኖች ከብት በቤቱ ታስሮ ይቀለባል፣ ፍጉ ተሸክመው ማሳ ያደርሱታል። እንዲያ ያለ ልማድ በአንድ ዓመት አይመጣም፤ ቢሆንም ከሦስት አዋሳኝ መጀመር ይቻላል።

ከብቱ ይራብ እያልኩ አይደለም። አገዳውን ከወገብ በላይ ቁረጡት። ለስላሳው ጫፍና ቅጠሉ የከብት ነው፤ ወፍራሙ የታችኛው ክፍል ከብቱም ብዙ አይወደውም፣ የማሳው ይሁን። በቂ መሆኑን ለማወቅ 10 ሜትር ገመድ ውሰዱና በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ቋጥሩበት። ማሳው ላይ አግድም ዘርጉትና ከመቶው ቋጠሮ ስንቱ አገዳ ወይም ገለባ ላይ እንዳረፈ ቁጠሩ። ከዘራችሁ በኋላ 30 ካልሞላ መሬታችሁ ገና አልተሸፈነም።

ሁለተኛው ጣጣ ሰርዶ ነው፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚስፋፋው ሣር። ሰርዶ ያለበትን ማሳ ሳያጸዱ ማረስ መተው ለሰርዶው ርስት መስጠት ነው። መጀመሪያ አጽዱ። በመድኃኒት የምታጸዱ ከሆነ ቱፎርዲ የሚባለው ፀረ አረም ሰርዶን አይነካም፤ እሱ ቅጠለ ሰፊ አረም ነው የሚገድለው። ሣሩንም ቅጠለ ሰፊውንም የሚገድለው ራውንድ አፕ ደግሞ በደፈረሰ ውሃ ከተበጠበጠ ጭቃው ይይዘውና ገንዘባችሁ ይባክናል። ንጹህ ውሃ ፈልጉ። አረሙ ለምልሞ ቅጠል ሲያወጣ ርጩ እንጂ አቧራ ለብሶ ሲጠወልግ አይሆንም። ሰብሉ ከበቀለ በኋላማ አታስቡት፤ በቆሎውንም ይገድለዋል።

የዩሪያውን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ዓመት በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ዩሪያውን እንደለመድኩት በላይ በላዩ በተንኩት። ዝናብ ይመጣል ብዬ ነበር፤ አምስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሆነ። ጎንበስ ብዬ እርጥቡን አገዳ ገለጥ ሳደርገው አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የከብት በረት የሚመስል ሽታ መጣ። ያ ሽታ የበተንኩት ማዳበሪያ ወደ አየር ሲሄድ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ወደ ውስጥ ቢጫ ሆነ። ገለባውን የሚያበሰብሱት ተህዋሲያንም የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። አሁን ከተክሉ አንድ መዳፍ ያህል እርቀት ላይ በሹል እንጨት እወጋና ዩሪያውን ጨምሬ አፈር አለብሰዋለሁ። ጉልበት ይጠይቃል። ቢሆንም ያን ቢጫ ማሳ ዳግም ማየት አልፈልግም።

ሌላው፣ አፈሩን ሳይቆፍሩ መጀመር ነው። ለዓመታት በሬ የረገጠውና ማረሻ የላገው ማሳ ከስንዝር ዝቅ ብሎ የጠጠረ ንጣፍ ይኖረዋል። አንድ የበቆሎ ሥር ቆፍራችሁ አውጡ። ወደ ታች ወርዶ ድንገት ወደ ጎን ከታጠፈ ንጣፉ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ እሱን በመቆፈሪያ ስበሩት። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነም ኖራው ከአፈር ጋር የሚቀላቀለው አሁን፣ ማረሻው ሳይሰቀል ነው።

ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ላይ ደልዳላውን ዝም ብሎ መዝራት አይሠራም። መደብ ሥሩ፤ በየዓመቱ ቦዩን ብቻ ጥረጉ።

በቆሎ በበቆሎ ላይ አትዝሩ፤ ቦሎቄ ወይም አኩሪ አተር አስገቡ።

ጤፍ ላይ አትጀምሩ። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ወፍራም ገለባ ላይ ከወደቀ አፈር ሳይነካ ይቀራል።

ደግሞም መሬታችሁን በሙሉ በአንድ ክረምት አትቀይሩ። አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ይበቃል። ጀማሪዎች ስትቸኩሉ ይገባኛል፤ የበሬ ኪራይ ያስመርራል። ግን በአንድ ቃዳ የተሳሳተ ሰው ልጆቹን ያበላል።

የመጨረሻው በሁለተኛው ዓመት ወደ ማረሻ መመለስ ነው። ምርቱ ካምናው አልበለጠም ብለው ማሳውን ደግመው ሰልሰው የሚያርሱት ብዙ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይበልጥ ይችላል፤ ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው ዝናብ ሲቆራረጥ ነው። የመሬት ትሉ አፈሩ ውስጥ የቦረቦረውን መንገድ ግን ማረሻ በአንድ ቀን ይደፍነዋል። ከጨነቃችሁ በሬ አትጥመዱ፤ ዶማ ይዛችሁ አንድ ቦታ ቀስ ብላችሁ ቆፍሩ። የአምናው የበቆሎ ሥር በስብሶ በተወው ቀዳዳ ውስጥ የዘንድሮው ነጭ ሥር ሲወርድ ታገኙታላችሁ።