ለቢስክና ለግሌዝ እቶኑ ስንት ዲግሪ ይድረስ?

መጀመሪያ የሸክላ አፈሩ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን የኮን ቁጥር ያንብቡ። የሙቀቱን ጣሪያ የሚወስነው አፈሩ ነው፤ ግሌዙም፣ ማለትም ሲቃጠል እንደ መስታወት የሚሆነው ቅብ፣ የሚመረጠው ለዚያው ቁጥር ነው።

ኮን ሙቀት ሲበቃው ለስልሶ የሚያጎነብስ ትንሽ ሹል ዘንግ ነው። ቁጥሩ ከፊቱ ዜሮ ካለው በጣም ይጠንቀቁ። ኮን 06 ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ኮን 6 ግን 1,220 ገደማ ነው። ለ06 የተዘጋጀ አፈር በ6 ከተቃጠለ ሊቀልጥና መደርደሪያው ላይ ሊፈስ ይችላል።

ቢስክ፣ ማለትም ግሌዝ ከመቀባቱ በፊት ያለው ማቃጠል፣ ብዙውን ጊዜ ከኮን 06 እስከ 04 (ከ1,000 እስከ 1,060 ዲግሪ) ነው። ዕቃው ይጠነክራል፣ ግሌዝ መምጠጡን ግን አይተውም። ከዚህ በላይ ከጋለ ግሌዙ አይይዝለትም።

የሚፈነዳ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ሳይደርቅ የገባ ነው። ጉንጭዎን አስነክተው ከቀዘቀዘዎት ገና እርጥበት አለው። እቶኑን 80 እና 90 ዲግሪ መካከል ለጥቂት ሰዓታት ያቆዩት፤ ወፍራም ዕቃ ካለ ሌሊቱን ሙሉ ይደር። ውሃው ሳይወጣ 100 ከታለፈ እንፋሎቱ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ እስከ 600 ድረስ በሰዓት ከ100 ዲግሪ አያስበልጡ፤ ከአፈሩ ጋር የተዋሃደው ውሃ የሚለቀው እዚህ ነው፤ በ573 ዲግሪ ላይም በአፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን በድንገት ይለጠጣል። ከ700 እስከ 950 ባለው የአየር ማስወጫውን ክፍት ይተዉ፤ ካርቦኑ እዚህ ካልተቃጠለ በኋላ በግሌዙ በኩል ሲወጣ የመርፌ ቀዳዳ ይተዋል።

የግሌዝ ማቃጠል እንደ አፈሩ ይለያያል፦ ዝቅተኛው ከ1,000 እስከ 1,060፣ መካከለኛው (ኮን 5 እና 6) ከ1,190 እስከ 1,220፣ ከፍተኛው (ኮን 9 እና 10) ከ1,260 እስከ 1,300 ዲግሪ ገደማ። በቢስክ ጊዜ ዕቃዎች ቢነካኩ ችግር የለውም። ግሌዝ የተቀባ ግን ከጎረቤቱ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ታቹም፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረግ፤ አለዚያ ከመደርደሪያው ጋር ይጣበቃል።

የዲግሪ መቁጠሪያውን ብቻ አትመኑ። ሸክላ የሚበስለው በሙቀትም በጊዜም ነው፤ በዝግታ ከጋለ በዝቅተኛ ዲግሪም ያው ውጤት ይደርሳል። ስለዚህ ግባችሁ ኮን 6 ከሆነ 5፣ 6 እና 7ን ደርድራችሁ በየመደርደሪያው አስቀምጡ። እቶኑ ሲከፈት 5 የተኛ፣ 6 ጫፉ እስከ መሠረቱ ያጎነበሰ፣ 7 የቆመ መሆን አለበት። 7ም ከተኛ ከመጠን በላይ ነው፦ ግሌዙ ይፈሳል፣ አፈሩም ሊያብጥ ይችላል። 6 ከቆመ ግሌዙ ደብዛዛና ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ግን እንደገና በማቃጠል ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ግሌዙ በቀጭን መረብ መልክ ቢሰነጣጠቅ ዋናው ምክንያት ሙቀቱ አይደለም፤ ግሌዙ ሲቀዘቅዝ ከአፈሩ በላይ ይኮማተራል፣ ሌላ ግሌዝ ይፈልጉ።

እቶኑን ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይክፈቱት።